የሰው ሰንጢ ላይ አስተያየት ስትሰጡ፦ ባለቤቱ ሳያፍር፣ ጣትም ሳይቆረጥ

ሀዋሳ ትንሽዬ ብየዳ ቤት አለችኝ፣ ዋና ስራዬ በርና መስኮት ነው ግን ሰፈር ውስጥ ቢላው የደነዘበት፣ መቀሱ የላላባት፣ ሰንጢው አልታጠፍ ያለው ሁሉ ወደኔ ነው የሚመጣው። እና በዚ ሁሉ አመት ብረቱን ከማስተካከል በላይ የከበደኝ ነገር ስለ ብረቱ ለባለቤቱ መናገር ነው። ርካሽ ሰንጢ ሁላችንም እናውቃለን፣ መናኸሪያ አካባቢ ሱቅ በደረቴዎች ከቻርጀርና ከጥፍር መቁረጫ ጋር ደርድረው የሚያዞሯት፣ ስትገዛ የምታብለጨልጭ፣ ትንሽ ቆይታ ማጠፊያዋ ጋ ቀጭ ቀጭ ማለት የምትጀምረው። አብዛኞቹ ምንም አያደርጉም፣ ማንጎ ይልጣሉ፣ የማዳበሪያ አፍ የተሰፋበትን ክር ይበጥሳሉ፣ በቃ። አንዳንዶቹ ግን ጣት ይበላሉ።

ይሄን እንድፅፍ ያደረገኝን ነገር ልንገራችሁ። አንድ እሁድ ከጎረቤቶቼ ጋር ሀይቁ ዳር አሞራ ገደል አሳ ልንበላ ሄድን፣ የተጠበሰው ቆሮሶ መጣ፣ ሎሚው ሳይቆረጥ ስለመጣ አንድ በጣም የማከብራቸው ጋሼ ከኪሳቸው ሰንጢ አውጥተው ሎሚውን መቁረጥ ጀመሩ። እጀታዋ ጥቁር ነው፣ የንስር ስዕል አለበት። እኔ ያው ብረት ሳይ አላስችል ይለኛል፣ "እስቲ ጋሼ" ብዬ ተቀበልኳቸው፣ ጆሮዬ ጋ አድርጌ አወዛወዝኳት፣ ቀጭ ቀጭ አለች፣ ከዛ ሰው ሁሉ እየሰማ "ይሄማ ቆርቆሮ ነው ጋሼ፣ የቻይና መጫወቻ፣ ይጣሉት" አልኩ። ሰው ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። አጥፈው ኪሳቸው ከተቷት። ከዛን ቀን በኋላ እኔ ባለሁበት አውጥተዋት አያውቁም። ከወራት በኋላ ቤታቸው ሸንኮራ ሲልጡ ሰንጢዋ ተዘግታ ሌባ ጣታቸውን ቆረጠቻቸው፣ ተሰፋ። ልጠይቃቸው ስሄድ ባለቤታቸው "ልጁ ካረብ ሀገር የላከለት እኮ ናት፣ ካንተ ተደብቆ ነበር የሚጠቀምባት" አሉኝ።

አሞራ ገደል ላይ ሳወዛውዛት ብሎኗ እንደላላች፣ መቆለፊያዋ ደግሞ ጫፉ ላይ ብቻ እንደያዘ አይቼ ነበር። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ስራ ነበር። ያየሁትን ትቼ ስለ ዋጋዋ አወራሁ። ስለዚ ከዚ በታች ያለው ሁሉ ከዛ ወዲህ ራሴ የምከተለው ነው፣ ብዙ ጊዜ ሞክሬዋለሁ፣ ይሰራል።

1. መጀመሪያ ርካሽነቷን ካደገኛነቷ ለዩ

ይሄ ካልተለየ የቀረው ሁሉ ይበላሻል። የሰው ሰንጢ ርካሽ መሆኑ የናንተ ጉዳይ አይደለም፣ ኪሱ የፈቀደለትን ነው የገዛው። አደገኛ መሆኗ ግን አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ጉዳይ ነው። አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት "ልናገር የፈለኩት ዋጋዋን ነው ወይስ ጣቱን?" በሉ፣ ዋጋዋን ከሆነ ዝም።

ሁለቱ ደግሞ የግድ አብረው አይሄዱም። ኦፒኔል የሚባለው የፈረንሳይ ሰንጢ እ.ኤ.አ ከ1890 ጀምሮ የሚሰራ ነው፣ እጀታው አንድ ቁራጭ እንጨት፣ ስለቱ ቀጭን፣ የገበሬ ቢላ ነው፣ ከሌሎቹ ጋር ሲተያይ ውድ የሚባል አይደለም፣ እ.ኤ.አ 1955 ላይ የተጨመረችለት የምትዞር ቀለበት ግን ስለቱን ቀጥ አድርጋ ትይዛለች። በሌላ በኩል ትልቅ፣ ከባድ፣ ጥርስ ጥርስ ያላት፣ ሶስት እጥፍ ዋጋ የተጠራባት ሆና መቆለፊያዋ በጣት ሲገፋ የሚለቅ በየቀኑ አያለሁ።

አንድ ስህተት ደግሞ በተለይ ስለ ቢላ ትንሽ ያነበቡ ልጆች ላይ አያለሁ፣ መቆለፊያ የሌላትን ሰንጢ ሁሉ "አደገኛ" ይላሉ። አይደለም። ቀዩ የስዊዝ ቢላ፣ ቪክቶሪኖክስ፣ እ.ኤ.አ 1897 ላይ የወጣው የመኮንኖቹ ቢላ ዘር፣ ኪስ ውስጥ የሚያዘው የተለመደው መጠን ዋና ስለቱ መቆለፊያ የለውም፣ ሞላ ብቻ ነው የሚይዘው፣ ግን ሞላው ጠንካራ ነው፣ ሰውም ለመቁረጥ እንጂ ለመውጋት አይጠቀምበትም። ስለዚ "ሎክ የለውም" ብላችሁ ሰው አታስደንግጡ፣ ጥያቄው ሞላው ይይዛል አይይዝም ነው።

2. ከየት እንደመጣች እወቁ

ይሄን ባደርግ ኖሮ የጋሼ ነገር አይመጣም ነበር። "ይሄን ቢላ ከየት አገኙት?" ማለት ብቻ በቂ ነው፣ ሰው ደስ ብሎት ያወራል። ልጄ ላከልኝ፣ የሟች አባቴ ነው፣ መጀመሪያ ደመወዜን ያገኘሁ ቀን የገዛሁት ነው፣ ወድቆ ያገኘሁት ነው፣ ሁሉንም ሰምቻለሁ። መልሱን ከሰማችሁ በኋላ የምትናገሩት ነገር በራሱ ይቀየራል፣ ልጁ የላከለትን አባት "ይጣሉት" ብሎ ለማለት አፍ አይታዘዝም። ከገበያ ነው ካላችሁ ደግሞ ዋጋዋን አትጠይቁ፣ እሱ ከነገራችሁ "ተበላህ" አትበሉ። ተበልቶም ከሆነ ገንዘቡ ሄዷል፣ የቀረው ጣቱ ነው።

3. ምን ብላችሁ እንደምትጠሯት

ትንሽ ነገር ትመስላለች ግን እኛ ጋ ትልቅ ነች። "ሰንጢ" ስንል እቃው ብቻ አይደለም የሚመጣብን፣ "ሰንጢ ይዞ ይዞራል"፣ "ሰንጢ መዘዘበት" ነው ጆሯችን የለመደው፣ ዱርዬ ነው የሚታሰበን። ስለዚ ሰው በተሰበሰበበት፣ ካፌ ውስጥ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ምናምን፣ "ኧረ ሰንጢህን አሳየኝ" ብሎ መጮህ ልጁን ወንጀለኛ ማስመሰል ነው። "ቢላህን እስቲ" ካላችሁ ማንም ዞር ብሎ አያይም። ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ ሰንጢ በሉ፣ ምንም አይደለም፣ እኔም እዚ ሰንጢ እያልኩ ነው የምፅፈው። በቀልድም ቢሆን ግን "ማንን ልትወጋ ነው" የሚባለው ይቅር፣ የመብራት ሰራተኛ ሽቦ የሚልጥበትን ይዞ ስታዲየም በር ላይ ፍተሻ እያለ እንደዛ ብላችሁ ብትቀልዱበት እሱ ነው የሚጉላላው።

4. ጊዜውን ምረጡ

እየቆረጠ ያለን ሰው አታናግሩ። እጁ ስራ ላይ ነው፣ አይኑን ወደናንተ ሲያነሳ ነው የሚቆረጠው፣ ስለዚ ጨርሶ እስኪያስቀምጥ ጠብቁ፣ ብሉ፣ ጠጡ፣ ሰው ሲበተን ወይ እጅ ለመታጠብ ሲነሳ ለብቻው ያዙት።

ከዚ ውጪ የሚሆነው አንድ ሁኔታ ብቻ ነው፣ አሁኑኑ የሚቆረጥ ከሆነ። ለምሳሌ ስለቱ ወደ ጎን እየተወላገደ አናናስ ላይ በሀይል እየተጫነ ከሆነ፣ ወይ የሰንጢውን ሹል እንደ ካቻቢቴ ተጠቅሞ ብሎን ሊፈታ ከሆነ። ያኔ ማብራሪያ የለም፣ "ቆይ ቆይ" በሉ፣ ድምፃችሁ ሳይጮህ፣ እጁን ግን አትያዙት፣ እጁን ከያዛችሁት ራሳችሁ ናችሁ የምታስቆርጡት። ሲያቆም ሌላ ቢላ አቀብሉት፣ "በዚ ይሻላል ለዚህኛው" ብቻ። የሰንጢዋን ነገር በኋላ ታወራላችሁ።

ቁርጥ ቤትን ለብቻው ማንሳት አለብኝ። የራሱን ሰንጢ ይዞ የሚመጣ ሰው አለ፣ የቤቱ ቢላ ደንዟል ብሎ፣ ልክም ነው ብዙ ጊዜ። ግን አንዳንዱ ስጋውን በጥርሱ ይዞ ከታች ወደ ላይ ነው የሚቆርጠው፣ ስለቱ ከከንፈሩና ካፍንጫው አጠገብ ነው የሚያልፈው፣ በላላች ሰንጢ ይሄን ሲያደርግ ሳይ ሆዴ ይንቦጫቦጫል። እዛ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ጋባዥ አለ፣ ሽማግሌ አለ፣ ሰው ፊት ማሳፈር አይሆንም። እኔ የማደርገው፣ አስተናጋጁን ጠርቼ "ለሁላችንም ስል ቢላ አምጣልን" እላለሁ፣ ለሁላችንም ነው የምለው፣ ሲመጣ የመጀመሪያውን በእጀታው በኩል ለሱ አቀብላለሁ። እስካሁን አልቀበልም ያለኝ የለም።

5. ለማየት ስትጠይቁ

ዝም ብላችሁ ከሰው እጅ አትውሰዱ፣ ጠረጴዛ ላይ ቢሆንም። "ልያት ይቻላል?" በሉ። ለትልቅ ሰው "ጋሼ ቢፈቅዱልኝ ባያት" በሉ፣ በሁለት እጅ ተቀበሉ። ስትቀበሉም ስትመልሱም የታጠፈች ትሁን፣ ተከፍታ ከሰጧችሁ በእጀታው ተቀብላችሁ እጠፉት። ራሱ ሰውየው ቢከፍትላችሁ ይመረጣል፣ ምክንያቱም አከፋፈሉን ታያላችሁ፣ ሞላው ጠጣር ነው ወይስ እንደ ውሃ ይፈሳል የሚለውን ከእጁ ትማራላችሁ።

ከዛ በኋላ የማይደረጉ አሉ። የክንድ ፀጉር ላይ ሞክሮ "አትቆርጥም" ማለት፣ በአንድ እጅ ወርወር አድርጎ መክፈት፣ ሰው ፊት እኔ እንዳረኩት ማወዛወዝ። ይሄ ሁሉ ፈተና ነው የሚመስለው፣ ሰው እቃው ሲፈተን ራሱ የተፈተነ ያህል ነው የሚሰማው።

6. ምን ታያላችሁ

እዚህ ጋ ትንሽ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ሳያውቁ አስተያየት መስጠት ነው ከሁሉም የከፋው። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ እያወራችሁ ማድረግ ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ታጥፋ እያለች እዩዋት። ሹሉ ከእጀታው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ገብቷል? በጣት ሳይሆን በአይን ነው የሚታየው፣ ቀና አድርጋችሁ ወደ ብርሃን። በርካሾቹ ላይ ስለቱ ትንሽ ጠማማ ሆኖ ስለሚገጠም ጫፉ ወጥቶ ይቀራል፣ ኪስ ውስጥ እጅ ሲገባ እሱ ነው የሚጠብቀው። ከዛ ከመክፈቻው በኩል ወደ መሬት ዘቅዝቃችሁ በቀስታ ነቅነቅ አድርጓት፣ በራሷ ከተከፈተች ኪስ ውስጥም ትከፈታለች ማለት ነው። ቁልፍ ሲጫኗት በሞላ ፈንጠር ብላ የምትከፈት ከሆነች ደግሞ ቁልፏ ማገጃ አላት ወይ እዩ፣ ከሌላት ሱሪ ኪስ ውስጥ ስትቀመጡ ልትጫን ትችላለች፣ እኔ በበኩሌ እንደዛ ያለችውን ለማንም ኪስ አልመክርም።

አሁን ክፈቷት። የስለቱን ጀርባ በሁለት ጣት ይዛችሁ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ገፋ አድርጉ። ትንሽ መንቀሳቀስ ያለ ነው፣ ቀጭ የሚል ከሆነ ማጠፊያው ጋ ያለችው ብሎን ላልታለች። ብሎኗን እዩ፣ የኮከብ አፍ ካላት ትጠብቃለች፣ ብዙ ጊዜ ቲ6 ወይ ቲ8 መፍቻ ነው የምትፈልገው፣ የሞባይል ጠጋኝ ሁሉ ጋ አለ። ብሎን ሳይሆን ጠፍጥፎ የተመታ ሪቬት ከሆነ በመፍቻ አይሆንም፣ ከስር ብረት ተደግፎ በመዶሻ መታ መታ ይደረጋል፣ ለኛ አይነት ሰው ስጡት።

ከዛ መቆለፊያው። በብዛት የምታዩት እጀታው ውስጥ ያለች ቀጭን ላሜራ ነች፣ ሰንጢው ሲከፈት ወደ ጎን ተስፈንጥራ ከስለቱ ቂጥ ስር ገብታ ትደግፈዋለች። ምን ያህል እንደገባች እዩ። ጫፏ ብቻ ከነካ፣ ወይ ላሜራዋ እንደ ቆርቆሮ ሳስታ በጣት የምትታጠፍ ከሆነ፣ አደጋው እሱ ነው። መሞከር ከፈለጋችሁ እጀታውን ከግራና ከቀኝ ብቻ ያዙ፣ አንድም ጣት ስለቱ በሚታጠፍበት መስመር ላይ እንዳይኖር፣ ከዛ የስለቱን ጀርባ እንጨት ላይ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ተጫኑ። ከለቀቀ ለቀቀ፣ አወቃችሁ። ጠረጴዛ ላይ ጧ ጧ አድርጎ መምታት የሚባል ነገር አለ፣ ተዉት፣ ደህናውንም ያበላሸዋል።

ስለ ብረቱ ብዙ አታውሩ። "ስቴይንለስ" ተብሎ መፃፉ የሚነግራችሁ ቢበዛ አንድ ነገር ነው፣ ብረቱ ውስጥ ክሮሚየም አለ፣ ቢያንስ 10.5 በመቶ፣ ያ ደግሞ ለዝገት እንጂ ለስለት ብዙም ዋስትና አይሆንም። ለስላሳ ብረት ቶሎ ይደነዝዛል፣ ግን በሞረድም ቶሎ ይሳላል፣ የስዊዙ ቢላ እንኳን የብረት ጥንካሬ በሚለካበት በሮክዌል ልኬት 56 አካባቢ ነው፣ እጅግ ጠንካራ ከሚባሉት አይደለም፣ ሰው ግን እድሜ ልኩን ይጠቀምበታል። ለስላሳ መሆኑ ነውር አይደለም። ደንዞ መቀመጡ ነው ችግር፣ የደነዘ ቢላ በሀይል ትጫኑታላችሁ፣ ሲያመልጥ በዛው ሀይል ነው የሚመጣው። ስለቱ ላይ የተቀባው ጥቁር ቀለም የሚላጥ ከሆነ ደግሞ ለምግብ አይሁን፣ ይሄን መንገር ቀላል ነው፣ ሰው አይቀየምም።

7. አሁን ተናገሩ

ያያችሁትን አንዱን ነገር ብቻ ተናገሩ። አስር ጉድለት አይታችሁ ቢሆን እንኳን የሚቆርጠውን አንዱን። እና ስለ እቃው እንጂ ስለ ሰውየው አይሁን፣ "ምን አይተህ ገዛህ" ስለ ሰውየው ነው፣ "ይቺ ብሎን ላልታለች" ስለ እቃው ነው። አጭር ይሁን።

ለትልቅ ሰው፦ "ጋሼ፣ ቆንጆ ቢላ ነች፣ ልጅዎ ጥሩ ነው የላከልዎት። ይቺ ብሎን ብቻ ትንሽ ላላ ብላለች፣ እጅዎን እንዳትነካብኝ፣ ነገ ሱቅ ይዘዋት ይምጡና ላጥብቅልዎት።" ልብ በሉ፣ ቆንጆ ነች ስትሉ እውነት የሆነውን ፈልጉ፣ እጀታዋ ለእጅ ይመቻል፣ ቀላል ነች፣ ሰው የውሸት ሙገሳን ወዲያው ነው የሚያውቀው። "እንዳትነካብኝ" የምትለዋ ቃል ደግሞ ስራ ትሰራለች፣ እጁ የኔም ነው ማለት ነው።

ለጓደኛ ሲሆን ይቀላል፣ "ጀለስ፣ ሎኳ አይይዝም፣ ና ልይልህ፣ ይኸው በጣት ስገፋው ለቀቀ።" እያሳያችሁት ከሆነ ክርክር የለም። ግን ለብቻው። ጓደኛ ፊት ለፊት አይቀየምም እንላለን፣ ቤቱ ሲገባ ነው የሚያስበው።

ለሴት ጎረቤት፣ ለምሳሌ እትዬ ጎመን የምትከትፍበት ሰንጢ ከሆነ (ብዙ ቤት አለ ይሄ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ሰንጢ)፣ "እትዬ ይቺ ለኪስ ነው የተሰራችው፣ ለመክተፊያ ስትሆን ወደ ጣትዎ ትታጠፋለች፣ የማትታጠፍ ቢላ ስልልዎት?" ይበቃል።

አብሯችሁ ለሚሰራ ልጅ፣ ለረዳት፣ ትንሽ ይለያል፣ ምክንያቱም እሱ "እሺ" ይላል፣ ከዛ በሷው ይቀጥላል፣ ሌላ የለውማ። እናንተ ናችሁ አሰሪው፣ መሳሪያ የማቅረብ ግዴታው የናንተ ነው፣ ስለዚ ለሱ አስተያየት የለም፣ ጥሩ ቢላ ሰጥቶ "ለስራ በዚ ተጠቀም፣ ያንተን ለራስህ አስቀምጥ" ነው።

ህፃን ልጅ ይዞ ካያችሁ አትጩሁበት፣ ከጮሃችሁበት ጨምድዶ ይዞ ይሮጣል። ጎንበስ ብላችሁ "እስቲ አሳየኝ" በሉት፣ ሲሰጣችሁ አጥፋችሁ ለእናቱ ወይ ላባቱ ስጡ፣ ልጁ እየሰማ "ሲያድግ ይሰጠዋል" በሉ።

8. መፍትሄውን አብራችሁ ይዛችሁ ቅረቡ

"አደገኛ ነው" ብሎ መሄድ ግማሽ ስራ ነው፣ እንደውም ባይነገር የሚሻልበት ጊዜ አለ፣ ሰውየውን በፍርሀት ትታችሁት ነው የምትሄዱት። ብሎን ከሆነ መፍቻ አምጡ፣ ስታጠብቁ ስለቱ በደንብ መታጠፍ እስኪችል ድረስ ብቻ፣ ከዛ በላይ ከጠበቀ በሀይል ለመክፈት ሲታገል ይቆረጣል። ብሎኗ ደጋግማ የምትላላ ከሆነ የብሎን ማጣበቂያ አንድ ጠብታ። ማጠፊያው ላይ ዘይት ጠብ አድርጉ፣ ለምግብ የምትሆን ከሆነ የሞተር ዘይት አይሁን እባካችሁ። ከደነዘ ሳሉለት፣ በእያንዳንዱ ጎን 20 ዲግሪ አካባቢ ለዚ አይነት ብረት ይበቃል፣ በጣም አታሳሱት።

መቆለፊያው ካለቀ ግን እውነቱን ተናገሩ፣ አይጠገንም። ያኔም "ጣለው" አይባልም። "ለኪስ አትሁን፣ እቤት ፖስታና ካርቶን መክፈቻ ትሁን" ሲባል ሰው ይስማማል፣ እቃው ስራ አገኘ።

9. እምቢ ካለ

አንዴ ተናግራችኋል፣ በቃ። ደጋግሞ መናገር የመጀመሪያውንም ዋጋ ያሳጣዋል። "እሺ፣ ብቻ ስትቆርጥ ጣትህን ከስሯ አታድርግ" በሉ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ በሌላ ወሬ መሀል "ያቺ ብሎን እንዴት ሆነች?" ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ሰው በዛኛው ጊዜ ነው የሚያመጣት፣ አስቦበታል። ከኋላው ለሌላ ሰው ግን አታውሩ፣ ሀዋሳ ትንሽ ከተማ ነች፣ ወሬው ከናንተ ቀድሞ ቤቱ ይደርሳል።

10. ከተቆረጠ

"ነግሬህ ነበር" የሚባል ነገር የለም። ያን ቀንም፣ ከዛም በኋላ።

ንፁህ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አድርጋችሁ ጫኑ፣ 10 ደቂቃ ሙሉ፣ ቆመ ወይ ብላችሁ በየመሀሉ እየገለጣችሁ አትዩ፣ እጁን ከደረቱ ከፍ አድርጋችሁ ያዙለት። ሲቆም በንፁህ ውሃ ታጥቦ ይሸፈን። የተፈጨ ቡና ነስንሱበት የሚሉ ይመጣሉ፣ እናቶቻችን ያደርጉት ነበር አውቃለሁ፣ አሁን ግን እምቢ በሉ፣ ቁስሉን ያቆሽሻል፣ የሚሰፋው ሰው ያንን ለማጠብ ነው የሚደክመው። ደሙ ካልቆመ፣ ቁስሉ አፉን ከከፈተ፣ ጣቱ አልታጠፍ ካለ ወይ ጫፉ ከደነዘዘ፣ አትጠብቁ፣ ባጃጅ ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ወይ ሆስፒታል ሂዱ፣ ጅማት ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደወሰደ ካላስታወሰ እዛው ይንገራቸው።

ሰንጢዋን አንስታችሁ ጠርጋችሁ አጥፋችሁ ለቤተሰቡ ስጡ። በንዴት ገደል የሚወረውራት ሰው አለ፣ የሱ አይደለችም።

የጋሼን ሰንጢ ጣታቸው ከዳነ በኋላ ራሴ ሄጄ ነው የጠየኳቸው። "አሞራ ገደል ላይ የተናገርኩት ልክ አልነበረም፣ ልጅዎ የላከልዎት መሆኑን አላወኩም ነበር፣ ቢሰጡኝ ልስራልዎት" አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና ከመሳቢያ አውጥተው ሰጡኝ። ላሜራዋ አልቃ ነበር፣ መቆለፊያ የሚሆናት አልነበረም። ስለቱን ከፍቼ ማጠፊያዋ አጠገብ እጀታውንና የስለቱን ቂጥ አንድ ላይ በቀጭን መሰርሰሪያ በሳሁት፣ ብሎን አስገብቼ ጫፉን ጠፈጠፍኩት፣ ከዛ ወዲህ አትታጠፍም፣ ቢላ ሆነች። ከአሮጌ ቀበቶ ቆዳ አፎት ሰፋሁላት፣ የንስሩን ስዕል አልነካሁትም። ባለፈው ስሄድ ማንጎ ልጠው አቀረቡልኝ፣ በሷ ነው የላጡት፣ ፊቴ።